ያረጀ ቀንድ አውጣ ንክሻው ለምን ይዘገያል?

ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ሥር ተቀምጬ ስለ ባሕር እንስሳ መጨነቄ እናቴን እስካሁን ያስቃታል። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ አፕሊዝያ ነው፤ 20,000 ገደማ የነርቭ ሴሎች ያሉት፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ብዙም የማያልፍ የባሕር ቀንድ አውጣ። ሲያረጅ የባሕር አረም ለመንከስ ይዘገያል፤ ለንክሻው ስሜት የሚቀበሉት ነርቮችም እንደ ወጣትነቱ ጊዜ በቀላሉ አይነቃቁም። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። የቸገረኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ድካሙ የስሜት ተቀባዮቹ ብቻ ነው ወይስ የንክሻውን ምት የሚያመነጨው የአፍ ጋንግሊዮን (የነርቭ ሴሎች ስብስብ) ራሱም ይዝላል? ጡንቻውስ? አማካሪዬ «አንተው ለይ» ብለው አሰናበቱኝ። ቤተ ሙከራ የለኝም። ከታተሙ ሙከራዎች የትኛውን መለኪያ ብመለከት ሦስቱን መለየት እችላለሁ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ፤ ረቂቁን የማስረክበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።