የዕቅድ ውይይት፦ ከሐይቅ ወለል የጠፋ ዕቃ ማውጣት፣ ሁለተኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ያላለቀልን አንቀጽ 3 ነው። «የማኅበሩ ጠላቂዎች እስከ 30 ሜትር ጥልቀት ወርደው የጠፋ ዕቃ ይፈልጋሉ» ይላል። እርማት ያላችሁ ጻፉ።

የመሣሪያ ኃላፊ፦ 30 ሜትር ለወረቀት ያምራል፤ ለሥራ ግን አይሆንም። በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር ገደማ አየር ይይዛል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ሲቀመጥ 1,800 ይቀረናል። ከውኃ በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ በደቂቃ 80 ሊትር ይፈጃል። 22 ደቂቃ መሆኑ ነው፤ መውረጃና መውጫው ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ቀለበት ፈላጊ ደግሞ ስለሚጓጓ ትንፋሹ ይፈጥናል። የጀማሪ ጠላቂዎች የተለመደ ወሰን የሆነው 18 ሜትር ይጻፍ።

አንድ አባል፦ በ18 እስማማለሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ደለሉ ነው። አንድ ጊዜ መነጽር ፍለጋ ወርጄ በእግሬ መቅዘፊያ ጭቃውን ነካ አደረግሁት። ወዲያው ሁሉም ነገር ቡናማ ሆነ፤ የአየር መለኪያዬን ከዓይኔ ሥር አስጠግቼ እንኳን ማንበብ አቃተኝ። መነጽሩ በኋላ የተገኘው መልሕቁን ከጣልንበት ሁለት ክንድ ርቆ ነው። ስለዚህ የአፈላለጉ ዘዴ ይጻፍ፦ አንዱ ጠላቂ መሐል ላይ የገመዱን ጫፍ ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ገመዱን ወጥሮ ይዞራል። አንድ ዙር ሲሞላ ገመዱ እንደ ውኃው ጥራት ይለቀቃል። በጠራ ውኃ አንድ ሜትር፣ በደፈረሰው እጅ እስከሚደርስበት ብቻ።

ገንዘብ ያዥ፦ መሐሉ የት እንደሆነ ማን ይነግረናል? ዕቃ የጠፋበት ሰው «እዚያ ጋ» ሲል እጁ ግማሹን ሐይቅ ያሳያል።

ያው አባል፦ እውነትዎን ነው። ባለቤቱ ከእኛ ጋር ጀልባ ላይ ይውጣ። ዕቃው ሲወድቅ የትኛው ዛፍ ከየትኛው ጣሪያ ጋር በአንድ መስመር ይታየው ነበር? ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች የሚቋረጡበት ላይ ተንሳፋፊ ምልክት እንጥላለን። ይህን የማያስታውስ ሰው ጥያቄ ቢዘገይ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦ የጀልባ ሞተር የወደቀበትስ?

የመሣሪያ ኃላፊ፦ በማንሻ ከረጢት ይወጣል። አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ያነሣል። ነገር ግን ከ10 ሜትር ጥልቀት እስከ ውኃው ገጽ ሲወጣ አየሩ በመጠን እጥፍ ይሆናል፤ ማስተንፈሻ ከሌለው ከረጢቱ ይወነጨፋል። ጠላቂው ከረጢቱን ከራሱ ጋር እንዳያስር፣ ከሥሩም እንዳይቆም በግልጽ ይጻፍልኝ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ፍለጋ የሚደረገው ባለቤቱ ቦታውን በጀልባ ካመለከተ በኋላ፣ ከ18 ሜትር ሳይበልጥ፣ በሁለት ጠላቂዎችና በገመድ ዙር ነው። የጦር መሣሪያ ከተገኘ ሳይነካ ምልክት ተደርጎበት ለፖሊስ ይነገራል።» የከረጢቱ ጉዳይ አንቀጽ 4 ይሆናል። ዕቃው ሳይገኝ ሲቀር ባለቤቱ ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው ቀርቷል፤ ገንዘብ ያዣችን ሐሳባቸውን ጽፈው ያምጡልን።