«ይዳረሳል» ያሉን መቼ ነው?

የሽምብጥ ልጅ፦ ትናንት እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የልማት ስብሰባ ነበር። አንድ ተናጋሪ ስለ ኑሮ ልዩነት ሲጠየቁ «ዋናው ማደጉ ነው፤ ቀስ እያለ ለሁሉም ይዳረሳል» ብለው አለፉት። ይህች «ይዳረሳል» እንቅልፍ ነሳችኝ። መቼ ነው የሚዳረሰው?

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ ሰውየው ምን አጠፉ? በ1988 ከሕዝባችን 45.5 በመቶው ከድህነት ወለል በታች ነበር። በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ወረደ። ይህ አልተዳረሰም ልትል ነው? ኢኮኖሚስቱ ኩዝኔትስም በ1955 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ብሏል። ልዩነቱ መጀመሪያ ይሰፋል፣ አገር ሲያድግ ይጠባል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ኩዝኔትስን ካነሳህ እስከ መጨረሻው አንብበው። እዚያው ጽሑፉ ላይ 5 በመቶው መረጃ፣ 95 በመቶው ግምት ሳይሆን አይቀርም ብሏል። የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጥናትም እየው። ከ1997 እስከ 2008 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ 10 በመቶ ደሃዎች ፍጆታ አላደገም። ለእነሱ መች ተዳረሰ?

ባለባጃጁ፦ ወንድሞቼ፣ ልማቱን አታጣጥሉብን። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ሲመረቅ ኮርቻለሁ። ሀብታሙም ደሃውም ይሻገርበታል።

ከዘጌ፦ ድልድዩን ማን ነካው? ነገደ ወይጦዎች ደንገል አጭደው፣ ታንኳ ሠርተው የኖሩት እዚሁ ዳር ነው። ዳርቻው ሲለማ ደንገሉም መኖሪያውም ይሄድባቸዋል። ልማቱ ደረሳቸው ወይስ ደረሰባቸው?

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ በቃል አትጫወት። ደንገሉን የጎዳው እንቦጭ አረምም ነው። እሱንም በእድገት ልታሳብብ ነው?

ከዘጌ፦ እንቦጭን ባታነሳ ይሻልህ ነበር። በ2004 ግድም ከታየ ጀምሮ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ማን ነው? የዳርቻው ገበሬ ነው። ልፋት ሲሆን ግን ቀድሞ ይደርሰዋል!

መምህርቷ፦ ወደ ቃሏ እንመለስ። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው 10ኛው የልማት ግብ ስለ ልዩነት ነው። ከታች ያለው 40 በመቶ ሕዝብ ገቢ ከአገሩ አማካይ ፈጥኖ ይደግ ይላል። ፈጥኖ! በዓለም ደረጃ በ2021 እ.ኤ.አ. ከላይ ያለው 10 በመቶ ሕዝብ ከገቢው 52 በመቶውን ይወስድ ነበር፤ የታችኛው ግማሽ 8.5 በመቶ ብቻ። ይህ እኛ ጋ ብቻ ያለ ችግር አይደለም፤ ተናጋሪውም እንዲህ ሊያልፉት አይገባም ነበር።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ እህቴ፣ ግቡን አልቃወምም። ግን ባዶ መሶብ ከበን ብንቀመጥ ምን እንቆርሳለን? መጀመሪያ ይጋገር።

የሽምብጥ ልጅ፦ መሶቡ ባዶ አይደለም። አንዳንዱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቀርባል፣ አንዳንዱ ሁልጊዜ እጅ ያስታጥባል። ጥያቄዬ እሱ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ ታዲያ ምን ይደረግ? ከሚሠራው ነጥቀን እናድል?

መምህርቷ፦ መንጠቅ ያለ ሰው የለም። ያልተባለውን አትመልስ። ግብር አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ። ከታች ያለው ይቅደም ነው ያልነው።

ባለባጃጁ፦ እኔም ልናገር። ሰፈራችን መንገድ ሲገባ ደስ አለኝ። ከዚያ አከራዬ «ሰፈሩ አድጓል» ብለው ኪራይ ጨመሩ። የኔ ገቢ ያው ነው። ተማሪው ይህን ይመልስልኝ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ፦ ጋሼ፣ እሱ የቤት እጥረት ነው። ሌላ ጉዳይ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦ እንዴት ሌላ ጉዳይ ይሆናል? «ይዳረሳል» ያላችሁት እኮ ባለባጃጁ ጋ የደረሰው በኪራይ ነው!