የካውንቲ ኤክስቴንሽን ቢሮ ለእኛ ምን ይጠቅማል? (ቨርጂኒያ)

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ በፌርፋክስ ካውንቲ በኩል። እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ወዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነላትም። ጓሮው ጥግ ላይ ጎመን ዘራች። መጀመሪያ ጥሩ ይዞ ነበር፤ አሁን ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። ጥቁርና ብርቱካንማ የሆነ ጋሻ የመሰለ ነፍሳት ሰፍሮበታል። አመድ ነሰነሰችበት፣ ንቅንቅ አላለም።

ጎረቤቴ “ኤክስቴንሽን ቢሮ ደውይ፣ ስለ ተክል ምክር ይሰጣሉ” አለችኝ። ገጻቸውን ከፈትኩት። ግብርና ይላል፣ ወጣቶች ይላል፣ ምግብ ይላል፣ የገንዘብ አያያዝ ሁሉ ይላል። የማይሠሩት ነገር ያለ አይመስልም። ባለቤቴ ግን “የገበሬ ቢሮ ነው፣ እኛ ምን አገባን” ባይ ነው። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ እንስሳ እንስሳ እያለ አስቸግሮናል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ፎኪየር ካውንቲ መሬት ተከራይቶ ለሀበሻ ሱቆች ጎመንና ቃሪያ ማቅረብ ያስባል።

ክፍያ አለው? ወረቀት ይጠይቃሉ? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ሹፌሩ፦

እህቴ አትድከሚ። እኔ በሌላ ካውንቲ ሄጄ አይቼዋለሁ። ዶሮ እርባታ ልጀምር ነው፣ ብድር ስጡኝ አልኳቸው። ብድር የለንም ብለው ስለ ዶሮ በሽታ የሚያወራ ወረቀት አስታቅፈው ሸኙኝ።

የቀድሞው ዲኤ፦

ወንድሜ ሹፌሩ፣ እኔ አገር ቤት ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ነበርኩ፤ ብድር ባለመስጠታቸው አልፈርድባቸውም። ሥራቸው አይደለም። ወረቀት ሰጥተው ዝም ማለታቸው ግን ትክክል አይደለም። ብድሩ ያለበትን በር ሊያሳዩህ ይገባ ነበር። እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ጎመኑ። የእናትሽ ጓሮ ላይ ያለው ችግር ሁለት ይመስለኛል። ያ ጥቁርና ብርቱካንማው ሃርለኩዊን የሚሉት ተባይ ነው። እሱ ቅጠል አይበሳም፤ ጭማቂውን ይመጥጣል፣ ቅጠሉ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ ይጠወልጋል። የሚበሳው ሌላ ነው። ነጭ ቢራቢሮ ጓሮው ላይ ስትዞር አይታችሁ ከሆነ የእሷ ትል ነው፣ አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ አይለይም። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። የሃርለኩዊኑ እንቁላል ነጭ ሆኖ ጥቁር ቀለበት አለው፣ ጥቃቅን በርሜል ተደርድሮ ነው የሚመስለው። እሱን በጣት መጨፍለቅ ነው። ትልልቁን ጠዋት በብርዱ፣ ሳይነቃቃ፣ እየለቀማችሁ ሳሙና ውኃ ውስጥ መጨመር። ለትሉ ቢቲ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለሃርለኩዊኑ ግን ቢቲ ምንም አያደርገውም። ሱቅ ያለው ሻጭ ይህን ልዩነት አይነግርሽም፤ ቢሮው ይነግርሻል። የቅጠሉንም የነፍሳቱንም ፎቶ ላኪላቸው። በበጋ ደግሞ በየገበሬ ገበያው ጠረጴዛ ዘርግተው የሚቀመጡ ማስተር ጋርድነር የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ቅጠሉን በላስቲክ ቋጥሮ ይዞ መሄድ ነው። ይህ ሁሉ በነፃ ነው።

አፈሩን አስመርምሩ። ቢሮው ትንሽ ካርቶን ሣጥን ይሰጥሻል፤ አፈር ሞልተሽ ብላክስበርግ ወዳለው የቨርጂኒያ ቴክ ላብራቶሪ በፖስታ ትልኪያለሽ። እኔ በላክሁበት ጊዜ 10 ዶላር ነበር። የአፈሩን አሲድነት፣ ፎስፈረሱን፣ ፖታሲየሙን ይነግሩሻል፤ ስንት ኖራ እንደሚፈልግም ጭምር። የዚህ አገር አፈር ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣ ነው። እንጅባራ አካባቢ ስሠራ ያየሁት አፈርም እንደዚሁ ነበር፤ ኖራ ካላየ ማዳበሪያው ገንዘብ መቅበር ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነና ጎመኑ ግድግዳው ሥር ከሆነ ከድሮ ቀለም የመጣ እርሳስ (መርዛማው ብረት) አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። መደበኛው ምርመራ እርሳስን አያሳይም፣ ለብቻ የት እንደሚመረመር ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። “የገበሬ ቢሮ ነው” ማለቱ ግማሽ እውነት ነው። ይህ ቢሮ የዩኒቨርሲቲ እጅ ነው። በ1862 ሊንከን በፈረሙት ሕግ ለየስቴቱ የግብርና ኮሌጅ ማቋቋሚያ መሬት ተሰጠ። ደቡቡ ጥቁሮችን አላስገባም ስላለ በ1890 ሁለተኛ ሕግ መጣና የጥቁሮች ኮሌጆች ድርሻ አገኙ። በ1914 ደግሞ ስሚዝ-ሌቨር በሚባለው ሕግ ኮሌጁ የሚያውቀውን ይዞ ወደ ሕዝቡ እንዲወጣ ተደረገ። ያኔም ማሳው ብቻ አልነበረም፤ የቤት አያያዝም ነበረበት። ቨርጂኒያ ላይ ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ናቸው፤ ቨርጂኒያ ቴክና ፒተርስበርግ አጠገብ ያለው ቨርጂኒያ ስቴት። ገንዘቡ ከፌዴራል፣ ከስቴትና ከካውንቲ ይዋጣል። ካውንቲው ስላዋጣ ካውንቲው የሚፈልገው ይበዛል። ለዚህ ነው ፌርፋክስ ጓሮና ወጣት የሚበዛበት፣ ፎኪየር ደግሞ ከብትና ድርቆሽ።

የእኛም አገር ከዚሁ ነው የተቀዳው። ዓለማያ ኮሌጅን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አብሮ ያቋቋመው የኦክላሆማው የግብርና ኮሌጅ ነው። ማስተማሩ፣ ምርምሩና ኤክስቴንሽኑ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። በ1963 ግን ኤክስቴንሽኑ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ የመጣው መንግሥት ሁሉ የራሱን ጉዳይ ጫነበት። እኔ ዲኤ ሆኜ ማዳበሪያ አከፋፍያለሁ፣ ዕዳ አስከፍያለሁ፣ ስብሰባ ጠርቻለሁ፣ ለተፋሰስ ሥራ ሰው አስወጥቻለሁ። በመሀል ጊዜ ከተረፈ ስለ ሰብል አወራለሁ። ገበሬው ከሩቅ ሲያየኝ “ዛሬ ደግሞ ምን ሊጠይቀን መጣ” ነው የሚለው። እሱ እኔን የሚጠይቅበት ቀን ብርቅ ነበር።

እዚህ ሠራተኛው የሚሸጥልሽ ነገር የለውም። አይቀጣም፣ ዕዳ አይሰበስብም፣ ከበላይ የወረደ የማዳበሪያ ኮታ የለበትም። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ አንቺ ካልጠየቅሽው ቤትሽ ድረስ አይመጣም። “ምን አላችሁ?” ብለሽ ከሄድሽ ወረቀት አስይዘው ይሸኙሻል። “ይህ ቅጠል ምን ሆነ?” ብለሽ ከሄድሽ ግን ሰውየው ከወንበሩ ይነሳል።

ወረቀት ስላልሽው፣ እኔን ስለ ቪዛ የጠየቀኝ የለም። ስም፣ ካውንቲ፣ ችግሩ፣ በቃ። አንዳንድ ፎርም ላይ ዘርና ፆታ አለ፣ ለሪፖርታቸው ነው፣ መዝለል ይቻላል።

የሄርንደኗ እናት፦

የልጁን ጉዳይ ለእኔ ተዉልኝ። 4-ኤች በይና ጠይቂ። ኤክስቴንሽኑ የሚያካሂደው የልጆች ፕሮግራም ነው፣ ባለ አራት ቅጠል አርማ ያለው። ከ5 ዓመት እስከ 18 ነው፤ ለትንንሾቹ ለብቻ አላቸው። መሬት አያስፈልግም። እኛ ያለነው ታውንሃውስ ውስጥ ነው፣ አስተዳደሩ እንኳን ፍየል ዶሮም አያስገባ። ፍራይንግ ፓን ፋርም ፓርክ እዚሁ ሄርንደን አለ፤ የካውንቲው የ4-ኤች ትርኢት በበጋ እዚያ ነው የሚደረገው። ልጁን ይዘሽው ነይ። በእሱ ዕድሜ ያሉ ልጆች ጊደር እየጎተቱ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ካየ ቤት አይገባልሽም።

የእኔ ልጅ ግን በእንስሳ አልጀመረችም። በጣም ዓይን አፋር ነበረች። ክለቡ ውስጥ ልጆቹ አንድ ነገር ሠርተው እያሳዩ የሚያስረዱበት ውድድር አለ። እርጎ እንዴት እንደሚረጋ አቀረበች። ቤት ውስጥ አያቷ ፊት ስትለማመድ አያቷ “ወተቱን አትነካኪው” እያሉ ያቋርጧታል። ሪባን አገኘች፤ ግን ከሪባኑ በላይ ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት መጀመሯ ነው እኔን ያስደሰተኝ። ከ9 እስከ 13 ላሉት የበጋ ካምፕ አለ፣ የእኛ አካባቢው ፍሮንት ሮያል ነው። ካምፑ በክፍያ ነው፣ ቀደም ብለሽ ስለ ድጎማ ጠይቂ። ለበጎ ፈቃደኞቹ የጀርባ ማጣሪያ ይደረጋል፣ እኔም አልፌበታለሁ።

የማይዋጥልኝ ነገር ልንገርሽ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ወይም በሥራ ቀን ማታ ነው። በሁለት ሥራ ለሚሮጥ ቤተሰብ አይመችም። ከሌላ ወላጅ ጋር ተቀናጅቶ ማመላለስ ግድ ነው።

ማናሳስ፦

የገንዘብ አያያዙን የጠቀሰ የለም። ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ያለው ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው በነፃ ያስተምራል። እኔና ባለቤቴ ተምረናል። ቤት ሻጩም ባንኩም ያላብራሩልንን የመዝጊያ ወጪ (ግዢው ሲጠናቀቅ የሚከፈለውን) መስመር በመስመር ነው ያስረዱን። ምንም አይሸጡም፤ ይህን ዲኤውም ብሎታል።

የምግብ ትምህርቱን ግን ደውላችሁ አረጋግጡ። ፉድ ስታምፕ ለሚያገኙ ሰዎች የነበረው ስናፕ-ኤድ በ2025 በወጣው ሕግ ከሴፕቴምበር 30 በኋላ በጀቱ ተቋርጧል። ከ1969 ጀምሮ ያለውና ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የሚሰጠው ሌላው ፕሮግራም ግን አለ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንቁላሉን አገኘነው። ልክ እንዳሉት በርሜል ነው። እናቴ “ይህን የነገረሽ ሰው ገበሬ መሆን አለበት” አለች። ልጄን ለትርኢቱ አመጣዋለሁ። የአክስቴን ልጅ ጉዳይስ? አማርኛ የሚናገር አላቸው?

የቀድሞው ዲኤ፦

እናትሽን ሰላም በይልኝ።

አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እኔ አላጋጠመኝም። አስተርጓሚ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። ከመደወል ይልቅ ኢሜይል ይሻላል፣ የጻፍሽውን እያዩ ይመልሳሉ።

የአክስትሽ ልጅ መሄድ ያለበት መሬቱ ወዳለበት ካውንቲ ቢሮ ነው፤ የፎኪየሩ ዋረንተን ነው። ኪራዩን ከመፈረሙ በፊት ይሂድ! የመሬቱን አድራሻ ይዞ ስለ አፈሩ፣ ስለ ውኃው፣ አጋዘን እንዴት እንደሚከላከል ይጠይቅ። አጋዘን ያለ አጥር ጎመን አያስቀርም። ከዚያ ቨርጂኒያ ስቴት ስሞል ፋርም አውትሪች የሚባል ፕሮግራም አለው። ለአነስተኛና ለጀማሪ ገበሬዎች ነው፤ ሰው መድበው የብድር ማመልከቻ ያስሞላሉ። ሹፌሩ፣ ያንተም በር ይኸው ነው። ብድሩን የሚሰጠው ግን የፌዴራሉ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው፤ ትንሹ ብድር እስከ 50 ሺህ ዶላር ይደርሳል፣ እዚያ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት ይጠየቃል።

የመትከያ ቀኑን ከራሱ እንዳይገምት። ቨርጂኒያ ኤክስቴንሽን የአትክልት መዝሪያ ቀኖች ሠንጠረዥ አለው፣ ቁጥሩ 426-331 ነው። ጎመን ብርድ ይወዳል፤ በማርች ወይም በኦገስት መጨረሻ ይሆናል። ቃሪያው ግን ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ ሜይ ውስጥ ነው።

ሹፌሩ፦

እሺ ዲኤ፣ ደውላለሁ። ጤፍስ? እዚህ ይበቅላል?

የቀድሞው ዲኤ፦

በደንብ ይበቅላል። በዚህ አካባቢ ግን የሚዘሩት ለድርቆሽ ነው፣ የሚበላው ፈረስ ነው። አፈሩ ሲሞቅ ዘርተው በለጋው ያጭዱታል። ለእህል ሲሆን ይጋሸባል (መሬት ላይ ይተኛል)፣ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነም በማሽን ማጨዱ ከባድ ነው። ለእህል አይዳሆ ይሻላል፣ እዚያ ለዓመታት ሲያመርቱት ኖረዋል። አንተ መጀመሪያ ዶሮህን አስጀምር።