ፎርማሊን የተወጋ አስከሬን ድጋሚ ሲመረመር

እህቴ ከአረብ አገር በሣጥን ከመጣች ሦስት ቀኗ። ወረቀቷ «ከፎቅ ወድቃ» ይላል። እዚያው ተከፍታ ተመርምራለች፤ ከዚያ ታጥባ፣ አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚወጋውን ፈሳሽ መድኃኒት፣ ፎርማሊን፣ ተወግታ ተላከች። የለበሰችው ልብስ የለም። አሁን ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት።

አራት ኪሎ ድንኳን ተጥሏል፤ የእድሩ ሽማግሌዎች «አፈር ታግኝ እንጂ» እያሉኝ ነው። እኔ ግን አንገቷ ላይ ጣት የሚያህል ሰማያዊ ምልክት አይቻለሁ። እምብርቷ አጠገብ ያለችው ቀዳዳ የመድኃኒቱ ማስገቢያ ናት ተባልኩ፤ እሺ። ምልክቱስ?

የማውቀው ሐኪም፣ ፈሳሹ ራሱ አልኮል ስላለበት የአልኮል ምርመራ አይታመንም፣ ዲኤንኤም ይጎዳል፣ የአጥንት ስብራት ግን ይቆያል አለኝ። ለፖሊስ የድጋሚ ምርመራ ማመልከቻ ነገ አስገባለሁ።

ያ ምልክት በሕይወት እያለች የደረሰባት ይሁን ከሞተች በኋላ የወጣ ለመለየት፣ ምን ዓይነት ምርመራ እንዲደረግ ልጻፍ?