ለፑል ዱላ ጥገና የትኛውን ቶርኖ ልግዛ?

ዱላ ጠጋኝ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለፑል ቤቶች ዱላ እጠግናለሁ። የጫፉን ቆዳ በምላጭና በሻካራ ወረቀት እያስተካከልኩ እሠራለሁ፤ ከቆዳው ሥር ያለው ነጭ ቀለበት ተሰንጥቆ ሲመጣ ግን መላ የለኝም። ቀለበቱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ካልሆነ ተጫዋቹ በጣቶቹ መካከል ሲያንሸራትተው ወዲያው ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ለሰው መመለስ አልወድም። አሜሪካ ያለችው እኅቴ «7 በ14» የሚባለውን ትንሽ የብረት ቶርኖ (የያዘውን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ልትልክልኝ ነው። ይበቃኛል? ወደፊት ዱላ ራሴ መሥራትም እፈልጋለሁ። ወይስ እንጨት የሚቀረጽበት ቶርኖ ይሻላል?

የቶርኖ ባለሙያ (አዲስ አበባ)፦
ወንድሜ፣ ስለ ማሽኑ ከመጠየቅህ በፊት ዱላህን ለካ። ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ሁለት ቁራጩ ዱላ መጋጠሚያው ላይ ወደ 21፣ መያዣው መጨረሻ ላይ ወደ 32 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የ7 በ14 ቶርኖ እንዝርት፣ ማለትም የሚሽከረከረው ዘንግ፣ መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር ነው። መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጫፉን ከማሽኑ ጀርባ አስገብተህ በቻኩ (እንጨቱን በሚጨብጠው መያዣ) በኩል ጥቂት ብታወጣው የቆዳውም የቀለበቱም ሥራ ይሠራል። ባለ አንድ ቁራጭ የፑል ቤት ዱላም ቢሆን፣ ወፍራሙ ክፍል ከኋላ ውጭ ስለሚቀር ይሆናል። ነገር ግን ከኋላ የሚተርፈው ከአንድ ሜትር በላይ እንጨት ካልተደገፈ ይገርፋል፤ ሰው ይጎዳል። በግራ በኩል ሰፊ ቦታ ተው፤ ቁመቱ ከእንዝርቱ ጋር የተስተካከለ ባለ ኩሽኔታ መደገፊያም ሥራለት። ይህን ሳታደርግ ማሽኑን አታስነሣው።

ከመነሻው ዱላ ለመሥራት ግን አይሆንህም። በማዕከሎቹ መካከል፣ ማለትም እንጨቱን በሁለት ጫፉ ደግፎ፣ የሚይዘው ርዝመት 35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የዱላው ግማሽ ብቻውን 73 ይሆናል። ለዚያ ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ማሽን ያስፈልግሃል፤ እሱ ደግሞ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል።

የእንጨት ቶርኖ ለወንበር እግር ጥሩ ነው። በእጅ በተያዘ መሮ ቀለበት የሚገጥም እንጨት በልኩ ማውጣት እጅግ ከባድ ነው፤ መቁረጫውን በቪቴ የሚገፋ ማሽን ያዝ።

ከቨርጂኒያ (አሜሪካ)፦
በልኬቱ እስማማለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ኤሌክትሪኩ ነው። እዚህ የሚሸጠው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ እናንተ ዘንድ 220 እና 50 ነው። የዲሲ ሞተር ያለው ከሆነ አቅሙ በቂ የሆነ ትራንስፎርመር ይበቃዋል። ተራ የኤሲ ሞተር ከሆነ ግን በትራንስፎርመርም ቢሆን ፍጥነቱ በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ይሞቃልም። እኅትህ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታ ትላክልህ። ማሽኑ የሚመረተው ቻይና ስለሆነ ለ220 የተሠራውን በቀጥታ ማስመጣት ይሻላል ባይ ነኝ። ለዱላ ብቻ የተሠሩ፣ እንደ ኩስሚዝ ያሉ ረጅምና ቀላል ማሽኖችም እዚህ አሉ፤ በሥራው ከገፋህበት ያኔ ታስብበታለህ።

ዱላ ጠጋኝ (ሐዋሳ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጥገናው በትንሹ እጀምራለሁ፤ ስለ ሞተሩም ዛሬውኑ እጠይቃታለሁ። ጋሼ፣ የቻኩ መንጋጋ እንጨቱን አይጎዳውም? የመጋጠሚያው ቡሎን የተበላሸበት ዱላም ይመጣልኛል።

የቶርኖ ባለሙያ (አዲስ አበባ)፦
ይጎዳዋል። ከጠንካራ ፕላስቲክ ቀለበት ቅረጽ፣ በአንድ ጎኑ ሰንጥቀው፣ ዱላውን በእሱ ውስጥ አድርገህ እሰር። ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ በትክክል መሐል ላይ አይዝም፤ ስለዚህ መወላገዱን በሚያሳይ የመለኪያ ሰዓት ሳታረጋግጥ አትቁረጥ። የአሜሪካ ዱላዎች ቡሎን በኢንች ነው፤ መጀመሪያ ውፍረቱ፣ ቀጥሎ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ይጠራል፤ በብዛት የሚገኙት፦ 5/16 በ18 ጥርስ፣ 5/16 በ14፣ 3/8 በ10። የሚሊ ሜትር ጥርስ ማውጫ ካስገባህበት እንጨቱን ታበላሸዋለህ፤ እኅትህ የእነዚህን የሦስቱን ጥርስ ማውጫ ከማሽኑ ጋር ትላክልህ። በዚያ ማሽን ላይ ብረት አትቁረጥ። የብረቱ ዘይት ነጩን እንጨት ከነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ በሻካራ ወረቀትም አይለቅም።