ቦንድ አስተማማኝ ነው ተብዬ ነበር፤ ገንዘቤ እየቀለጠ ነው፣ ልሽጠው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (እሑድ፣ ኦክቶበር 16፣ 2022)
እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ። አምና በዲሴምበር 40,000 ዶላር ቦንድ ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ቦንድ፣ ማለትም ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ፣ የሚገዛ) ውስጥ አስገብቼ ነበር። አሁን ብከፍተው 34,000 ይላል! አክሲዮን ፈርቼ ነው ቦንድ የገባሁት። ተጭበርብሬ ነው? ጣቴ «ሽጥ» የሚለው ላይ ነው።

ቡና ጠጪ
ጣትሽን አንሺና ቡና አፍዪ፤ እሑድ ገበያው ዝግ ነው። ዛሬ ብትጫኚም የሚሸጥልሽ በነገ ማታው ዋጋ ነው።

ከዳላስ
እንዳትሸጪ። ይመለሳል።

አባ ሒሳብ
እኅቴ፣ ማንም አላጭበረበረሽም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ከማርች ወዲህ ወለድ አምስት ጊዜ ጨምሯል፤ ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ 3 በመቶ አልፏል። 10 ዓመት የቀረው፣ በዓመት 2 በመቶ የሚከፍል የ1,000 ዶላር ቦንድ ያዝሽ እንበል። ጎረቤትሽ ዛሬ 4 በመቶ የሚከፍል አዲስ ቦንድ ካገኘ ያንቺን በ1,000 ለምን ይገዛል? ዋጋው ወደ 838 ዶላር ካልወረደለት አይነካውም። በፈንድሽ መግለጫ ላይ «ዱሬሽን» የሚል ቁጥር ፈልጊ፤ ወለድ ሲለወጥ ዋጋው ምን ያህል እንደሚለወጥ ያሳያል። 6.5 ከሆነ፣ ወለድ ከ3 ወደ 4 በመቶ ሲወጣ ዋጋው 6.5 በመቶ ያህል ይወርዳል።

የግድቡ ልጅ
በዚህ አልስማማም። በ2003 ዓ.ም. የገዛሁት የህዳሴ ግድብ ቦንድ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም።

አባ ሒሳብ
ወንድሜ፣ በየቀኑ ዋጋ የሚወጣለት ገበያ ስለሌለው ነው። የማይታይ ዋጋ አይቀንስም ማለት አይደለም።

ከዳላስ
አትሸጪ ብያለሁ።

የቨርጂኒያው
እስከ ኦክቶበር 28 አይ ቦንድ (ወለዱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚስተካከል የአሜሪካ መንግሥት የቁጠባ ቦንድ) ግዢ፤ ለስድስት ወር በ9.62 በመቶ ስሌት ይከፍላል።

የነርሷ ባለቤት
አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቅ! ገንዘቡን የምትፈልጊው መቼ ነው? የጡረታ ሒሳብ ውስጥ ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ
የጡረታ አይደለም። ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ጃንዋሪ ላይ።

የነርሷ ባለቤት
እንግዲያው «ይመለሳል» የሚለውን አትስሚ፤ ያ ስድስት ሰባት ዓመት ለሚጠብቅ ሰው ነው። ነጠላ ቦንድ ቀኑ ሲደርስ ዋናውን ይመልሳል፤ ፈንድ ግን አሮጌውን እየሸጠ አዲስ ስለሚገዛ እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ፌዴራል ሪዘርቭ ኖቬምበር 1 እና 2 ይሰበሰባል፤ ወለድ እንደገና ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል። አይ ቦንድም አይሆንሽም፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ አይወጣም። ለቤቱ የሚያስፈልግሽን ያህል ሸጠሽ ጃንዋሪ ሳይገባ የሚከፈል አጭር የግምጃ ቤት ሰነድ (ለመንግሥት የሚሰጥ የጥቂት ወራት ብድር) ግዢ። ኪሳራውንም በግብር ቅጽሽ ላይ አስገቢ፤ ሌላ ትርፍ ከሌለሽ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከደመወዝ ገቢሽ ላይ ይቀነስልሻል።

ከአትላንታ
እኔም እንዲሁ ወርዶብኛል፤ ግን የጡረታ ነው፣ 12 ዓመት ይቀረኛል።

አባ ሒሳብ
አንተ ሳትሸጥ ተወው። ፈንዱ ከእንግዲህ የሚገዛው ከፍ ያለ ወለድ የሚከፍለውን ነው።

ቡና ጠጪ (ረቡዕ)
እኅታችን፣ ምን ወሰንሽ?