ቀለም የተቀባ አብስትራክት የብረት ቅርጽ ፊት ስትቆሙ ምኑን ነው የምታዩት?

ግራ_የገባው፦
ሰላም ሰዎች፣ ይሄ አብስትራክት የሚባለው የብረት ቅርጽ አለ አይደል፣ ላሜራና ቱቦ ተበይዶ ከላይ እስከ ታች ቀይ ወይ ቢጫ የተቀባ፣ ፊቱ ቆሜ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የማየው ያልቅብኛል። ሰው ይሁን ወፍ አይለይም። ስዕል ላይ ቢያንስ የብሩሹን ምልክት ታያለህ፣ እዚህ ግን ልሙጥ ቀለም ብቻ ነው። እናንተ ምኑን ነው የምታዩት? "የሚሰማህን ተቀበል" ምናምን እንዳትሉኝ ብቻ 😂

በያጁ፦
"ምንድነው" የሚለውን ተወውና "እንዴት ቆመ" በል። መሬት የነካው የቱ ጋ ነው፣ ወዴት አጋደለ፣ ምኑ ምኑን ተሸከመ። ከዛ መጋጠሚያውን ፈልግ። የአሜሪካዊው ቀራፂ የካልደር ትላልቅ ስራዎች ላይ ብሎኑም ማጠናከሪያ ላሜራውም ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ምንም አልደበቀም (ሰውየው የተማረው መካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው)። ሌላው ቀራፂ ደግሞ ብየዳውን ሞርዶ ሞርዶ አንድ ወጥ ያስመስለዋል። ደሞ ዙረው በናትህ፣ አንድ ቦታ ተገትረህ ካየኸው አላየኸውም።

ቀለም_በጥባጭ፦
ልክ ነህ ግን ቀለሙን ዘለልከው። የእንግሊዛዊውን ቀራፂ የአንቶኒ ካሮን ኧርሊ ዋን ሞርኒንግ የሚባል ስራ (1962) ፈልጋችሁ እዩት፣ ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝም ብረትና አልሙኒየም፣ መደብ የለውም ወለሉ ላይ ነው የተዘረጋው፣ ሁሉም ነገሩ አንድ አይነት ቀይ። ያ ቀይ ክብደቱን ያስረሳሃል፣ አየር ላይ የተሰመረ መስመር ነው የሚመስለው። ከጫፉ ስታየው ተጨፍልቆ እንደ ስዕል ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ወደ ጎን ስትሄድ ደግሞ ይዘረጋል። መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፣ ቀይ አድርገው ያለችው ሰዓሊዋ ሚስቱ ሺላ ገርሊንግ ናት። እስቲ በሃሳብህ አረንጓዴ ቅባውና ተመልከተው፣ ሌላ ስራ ነው የሚሆነው።

ዝገት_ይሻላል፦
እኔ ግን ብረት ብረት ቢመስል ነው ደስ የሚለኝ። ቀለሙ ቢነሳ ምን ይጎድላል?

ቀለም_በጥባጭ፦
ሃሃ ያንተን ሀሳብ በተግባር ያዋሉት አሉኮ! አሜሪካዊው ቀራፂ ዴቪድ ስሚዝ በህይወት እያለ የአንዱን ስራውን ቀለም ስላስለቀቁበት የኔ አይደለም ብሎ ክዶታል። 1965 ሲሞት ደግሞ ውርሱን ከሚያስተዳድሩት አንዱ ሃያሲው ክሌመንት ግሪንበርግ ነበር፣ ከዛ በኋላ የአንዳንዶቹ ቀለም ተነሳ፣ ሌላዋ ሃያሲ ሮዛሊንድ ክራውስ 1974 ላይ ይሄንን አውጥታ ስትጽፍ ትልቅ ጭቅጭቅ ሆነ። እና ጠያቂው፣ የብሩሽ ምልክት የለም ላልከው የስሚዝን ዚግ የሚባሉትን እያቸው፣ ብሩሹ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ግራ_የገባው፦
እሺ ይሄ ጠቅሞኛል። ግን ደጅ የሚቆሙት ፀሀይ ሲያደበዝዛቸው እንደገና ይቀባሉ አይደል፣ ታዲያ ያኔ የማየው የማንን ቀይ ነው?

በያጁ፦
ይቀባሉ፣ ቀለሙም በደንብ ተጠንቶ ነው የሚመረጠው። ከቀለሙ አይነት እኩል የሚያሳስበው ማት (የማያብለጨልጭ) ነው ወይስ የሚያብለጨልጭ የሚለው ነው። ካልደር ማት ነበር የሚፈልገው፣ ካብለጨለጨ ሰማዩም መስኮቱም ላዩ ላይ ይታይና የቅርጹ ጠርዝ ይበጣጠሳል። ቺካጎ ያለው ፍላሚንጎ የሚባለው ስራው (1974) 16 ሜትር አካባቢ ቁመት አለው፣ ዙሪያው ጥቁር የመስታወት ህንፃ ነው፣ እሱ ቢያብለጨልጭ አስቡት። ስለዚህ መጀመሪያ ብርሃኑን ይውጣል ወይስ ይመልሳል የሚለውን ቼክ አርግ፣ ቀዩ የማን እንደሆነ ከዛ በኋላ እንጨቃጨቅበታለን።